ጆሮ የጻፈልኝ ወረቀቶች

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «ጆሮ» ይለዋል። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው፤ ልብ፣ ሳንባ፣ ነርቭ፣ የመጣውን ሁሉ ያያል። ማዳመጫውን ደረት ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ «ሲጋራውን መቼ ነው የሚተዉት?» ይላል፤ ሰውየው ገና አጨሳለሁ ሳይለው። በሽተኛው ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመድ አይቶ የበሽታውን ግማሽ ይደርስበታል። ታዲያ ይህ ሁሉ የሌላ ሰው በሽታ ሲሆን ነው።

እኔ የደም ግፊት ክኒን እውጣለሁ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቁሜያለሁ፤ እናታችን ስትታመም አንዳችን ቤት መቅረት ነበረብን፣ ጎበዙ ደግሞ እሱ ነበር። ስለዚህ የክኒኑን አወሳሰድ በትልልቅ ፊደል ይጽፍልኛል። በፊት ፊደሎቹ ባቄላ ባቄላ ያካክሉ ነበር። እያደር ምስር አከሉ፤ በኋላማ የዝንብ እግር ሆነው አረፉት።

«አልታይ አለኝ» ብዬ ብነግረው፣ «እትዬ፣ እርጅና ነው፣ መነጽር አድርጊ» አለኝ። አደረግሁ። ፊደሉ ያው ዝንብ ነው። መነጽሩን ያዘዘችልኝ የዓይን ሐኪም ዘንድ ተመለስኩ፤ ያሳየችኝን ፊደል ሁሉ አንድም ሳልስት አነበብኩላት።

«እማማ፣ ዓይንዎ ምንም አልሆነም። የጻፈውን ሰው ያስመርምሩ» ብላ ሳቀች።

እሷ ቀልዷን ነው። እኔ ግን ቤት ገብቼ ከብስኩት ቆርቆሮዬ የሰባት ዓመት ወረቀት አወጣሁና እንደ አመጣጣቸው አልጋው ላይ ደረደርኳቸው። ያኔ ትዝ አለኝ። ጆሮ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌዎችን እስክሪብቶ ያስይዝና «ስምዎን አምስት ጊዜ ይጻፉልኝ» ይላቸው ነበር። እየጻፉ ፊደሉ ካነሰ ነገሩ የነርቭ ነው፤ ይህን አንድ ቀን ምሳ ላይ ያስረዳኝ ራሱ ነው።

በማግስቱ ክሊኒኩ ሄጄ ቁጥር ወስጄ ተሰለፍኩ።

«እትዬ፣ ምንሽን አመመሽ?»

«እኔ ደህና ነኝ» አልኩና ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት።

ብዙ አያቸው። ቀኝ እጁን እንደ ልማዱ ኪሱ ከተተ። እኔ እስከዚያ ድረስ ብርድ ነው ስል ነው የኖርኩት።

«እስክሪብቶው ነው» አለ። «ርካሽ ነው።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ እስክሪብቶ?»

«ቀስ በይ፣ ውጭ በሽተኛ ሞልቷል።»

«እሱን አይደል የምልህ። መድኃኒት ቤቱ ግማሽ ያልከውን ሁለት ብሎ ቢያነበው ለዚያ ሰው ማን ሊደርስለት ነው?» እስክሪብቶውን አቀበልኩት። «ስምህን አምስት ጊዜ ጻፍልኝ።»

እንደ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። አምስተኛው ላይ ቆመና አየው፤ አየውና እጁን ዘረጋልኝ።

«እስቲ መነጽርሽን።»

በዚያው ሳምንት የነርቭ ሐኪም ጓደኛው መረመረው። ፓርኪንሰን ነው። አሁንም በሽተኛ ያያል፣ መድኃኒቱን ነርሷ ትጽፋለች። የእሱን ክኒን አወሳሰድ የምጽፈው ግን እኔ ነኝ፤ አንዱ ቃል አንድ መስመር እየሞላ።

«እትዬ፣ ዓይነ ስውር አደረግሽኝ እንዴ?» እያለ ያጉረመርማል።

ከዚህ አሳንሶ መጻፍ ማን አስተምሮኝ።