ወደ ቀኝ አልዞር ያለው መሪ

በመንዝ የሞላሌ ከተማው በያጅ አፈወርቅ አውሮፕላን ልሥራ ብሎ ሲነሣ ሚስቱ ኮከቤ ቀልድ መስሏት ነበር። ሚሌኒየሙ ተከብሮ ሲያልፍ ግን በርና መስኮት ከሚበየድበት ግቢ መሃል፣ አፍንጫው ላይ አሮጌ የቮልስ ሞተር የተገጠመለት አውሮፕላን ቆሞ ነበር። ጨርቅ ያለበሰችው እሷ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም በምትሰፋበት መኪና አቡጀዲውን እየሰፋች ክንፍና ጭራውን ሸፈነችለት። ከዚያ ወዲህ ዓይኗም ወገቧም ደክሟል።

ጥቅምት ላይ ከቤታቸው ቁልቁል ባለው መስክ ሲሞክረው፣ አውሮፕላኑ ገና መሮጥ ሲጀምር ወደ ግራ ታጥፎ የጎረቤታቸው የአባ ወልደ አማኑኤል ገብስ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው አልተቆጡም። «እንኳን አንተ ተረፍክልን ልጄ፣ ገብሱስ ይቅር» ብለው ሄዱ። ኮከቤን ከስድብ ይልቅ የከበዳት ይኸው ነው።

አፈወርቅ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሞተሩ ሲበረታ አፍንጫውን ወደ ግራ ይጎትተዋል። ያን የሚመልሰው ጭራው ላይ እንደ በር በማጠፊያ የተንጠለጠለው መሪ ነው፤ መሪው ደግሞ ወደ ቀኝ እንደሚገባው አልዞር አለ።

ገብሱ ከታጨደ በኋላ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብር ጠዋት፣ ኮከቤን መሪውን በሽቦ የሚስቡት ሁለት መርገጫዎች ያሉበት ወንበር ላይ አስቀመጣትና እሱ ጭራው ሥር ተንበረከከ።

«ቀኙን እርገጪ።»

ረገጠች።

«ልቀቂ። ግራውን።»

ረገጠች። እሱ በፒንሳ ሽቦውን ይወጥራል፣ ሽቦውን የሚይዘውን ዳዶ ያጠብቃል፣ ደግሞ ይፈታል። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ነፋሱ ግን ጋብ አላለም።

«አሁንስ?»

«ያው ነው።»

«እንዴት ያው ይሆናል? ሽቦውን እኮ አሳጠርኩት!»

«እግሬ ዝሏል አፈወርቅ። ያው ነው አልኩህ።»

መጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠና ግንባሩን ጎማው ላይ አስደገፈ። ኮከቤ «በቃህ» ልትለው ስትዘጋጅ ሰንብታለች፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ብርድና እሳት የሰነጣጠቁትን እጁን አየችና ቃሉን ዋጠችው።

«ስረግጠው መጀመሪያ ይሄድልኛል» አለች በምትኩ። «ከዚያ ትራስ እንደ ገፋሁ ሆኖ ይቆማል። ብረት ብረትን የነካ አይመስለኝም።»

ቀና አለ። አብረው ወደ ጭራው ሄዱ። እሱ መሪውን በእጁ ወደ ቀኝ ሲገፋ እሷ ማጠፊያው አጠገብ ጣቷን ሰደደች። የጨርቁ ጠርዝ ተጠቅልሎ እዚያው ተወትፏል።

«የኔ ስፌት ነው» አለች ቀስ ብላ። «እንዳይቀደድብህ ብዬ ደራርቤው።»

አልሳቀም፣ አልተቆጣም። «እኔ ደግሞ ሽቦ ስወጥር ከረምኩ» ብሎ ፒንሳውን አነሣ።

እሷ እፍ እያለች ጣቷን እያሞቀች ስፌቱን ፈታች፤ ትርፉን ቆርጣ ጠርዙን በስሱ በእጇ ሰፋችው። እሱ ያሳጠረውን ሽቦ መልሶ አላላው፤ መሪው ቀጥ ሲል ሁለቱ መርገጫዎች እኩል እንዲቆሙ አደረገና ዳዶውን አሰረ።

ከሰዓት በኋላ አፈወርቅ መስኩ ላይ ሞተሩን አስነሣ። አፍንጫው እንደ ልማዱ ወደ ግራ ሳብ ሲል፣ ኮከቤ መሪው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አየች። አውሮፕላኑ ቀና። ሮጠ፣ ነጠረ፣ ጎማዎቹ ከሣሩ ከፍ አሉ፤ የበግ ቁመት ያህል። ወዲያው ተመልሶ አረፈ።

አፈወርቅ ወርዶ ጠየቃት።

«ተነሥቷል?»

«ተነሥቷል። ትንሽ።»

ራሱን ነቀነቀ። ኮከቤ ደስታውን ብትጠብቅ ብትጠብቅ ከሱም ከራሷም ድካም ብቻ መጣ።

«ነገ ትሞክረዋለህ?»

«የመንዝ አየር ስስ ነው። ሞተሩ ከዚህ በላይ አቅም የለውም» አለ። «እኔም የለኝም ኮከቤ።»

ግራና ቀኝ ክንፉን ይዘው አውሮፕላኑን ወደ ቤት መግፋት ጀመሩ። አቀበቱ መሃል ላይ ኮከቤ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገችና ሣሩ ላይ ተቀመጠች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። የአውሮፕላኑ ጥላ ረዝሞ እስኪደርስባቸው ድረስ ማንም «እንነሣ» አላለም።