የተቀላቀለው በቆሎ

ዛሬ ልጄ ከቀበሌ ቅጽ ይዛ፣ ፊቷ ተለዋውጦ ገባች። አባቷ ኦሮሞ ነው፤ እኔ የጎጃም ሰው ልጅ ነኝ። «ጓደኛዬ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ብሔር የሚለው ላይ የአባትሽን ጻፊ፣ እናትሽን አታንሺ።› አንቺን እንድክድ! ነገ ሰው ፊት ነው የማዋርዳት!»

ክው አልኩ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ቅጽ ድሮም ያስፈራኛል። ዛሬ ግን ያደግኩበት የአኖ መንደር ወፍጮ ቤት ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ በኦሮሞ አገር፣ አኖ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ከኦሮሞዋ ጎረቤታችን ከአደ ዲንቂና ከልጃቸው ከጫልቱ ጋር እህላችንን ቀላቅለን፣ በአንድ ድንጋይ እየተፈራረቅን ፈጭተን፣ ዱቄቱን በቁና እንካፈል ነበር። ድንጋይ መቼም ማን ነሽ ብሎ አይጠይቅም።

ከዚያ የገበሬ ማኅበሩ የሞተር ወፍጮ አስመጣ። «ከእንግዲህ የእናቶች ጉልበት አረፈ!» ሲባል እልል አልን። ሞተሩ ናፍጣ ፈለገ፤ ናፍጣው ሲያጥር ስም ዝርዝር መጣ። የማኅበሩ አባል ብቻ ያስፈጭ ተባለ። አደ ዲንቂ አባል ናቸው፤ አባቴ ግን ገበሬ አይደለም።

አንድ ክረምት፣ ጭቃው እግር ሲውጥ፣ እኔና ጫልቱ የተቀላቀለ በቆሏችንን በአህያ ጭነን ሄድን። ቤታችን ዱቄት አልነበረም። ተራችን ሲደርስ አንዲት ሴት ከኋላ፣ «ግማሹ የመጤዎቹ ነው!» አለች። ዝርዝሩን የያዘው ሰውዬ ጫልቱን አያት።

«እውነት ነው፣ ኢንተለ፣ አንቺ ልጅ?»

«ኧረ ኦቦ፣ ሁሉም የኛ ነው። እሷ አህያ ልትነዳልኝ ነው የመጣችው።»

ደሜ ፈላ። ካደችኝ፣ እህላችንንም በላችው አልኩ። አባቴ በር ዘግቶ ሲሳደብ የሰማሁት ሁሉ ከአፌ ወጣ። «ሌቦች! እናንተ ከነዘራችሁ…» ቀሪውን አልጽፈውም። ያውም አደ ዲንቂ ባስተማሩኝ ኦሮምኛ።

ሰውዬው ጆንያችንን ወደ ውጭ አስወጣው። ጫልቱ ጠጋ ብላ፣ «አንቺ ሞኝ፣ ላስፈጭልሽ እኮ ነበር» አለችኝ።

አደ ዲንቂ ይህን ሰሙ። በቆሎውን ሰፍረው ድርሻችንን ደጃችን ላይ አኖሩ፤ አንድ ቁና ጨምረውልናል። ከዚያ ወዲያ ግን እህላችን ተቀላቅሎ አያውቅም።

«አሁኑኑ ሂጂ» አልኳት ልጄን። «ምናልባት ለበጎሽ ብላ ይሆናል፤ ለምን እንዳለችሽ ጓደኛሽን ለብቻዋ ጠይቂያት። ሰው ፊት አፍሽን እንዳትከፍቺ!» ከጩኸቴ ደንግጣ ወጣች።

ቆየች። እኔም በሩን በሩን እያየሁ ነው።