ጠምደው የገዙት ካርድ

ዘይኑልአቢዲን በሬ ሲገዙ ጥርስ አይተው፣ ሻኛ ዳስሰው አያበቁም። ከቤት ያለውን በሬ ገበያ ድረስ ነድተው ይመጡና ከአዲሱ ጋር ጠምደው ጥቂት ሳያስኬዱ ብር ከኪሳቸው አይወጣም። ሻጭ ቢቆጣ ይቆጣ። «ዓይን ያታልላል፤ ቀንበር አይዋሽም» ይላሉ። የሰፈሩ ሰው በዚህ ጠባያቸው ይስቅባቸዋል። በሬ መግዛት ሲያምረው ግን አማክሩኝ ብሎ ደጃቸው የሚቆመው ያው የሳቀው ሰው ነው።

ይህ ጠባያቸው በ2003 ዓ.ም. ኮምፒውተር ላይ ያርፋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሴት ልጃቸው ሱሀይላ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይታ የቤት ፕላን መንደፍ ተምራለች። ደሴ ያለ አንድ መሐንዲስ፣ «አንድ ቤት በኮምፒውተር ሠርተሽ፣ ዙሪያውን እያዞርሽ ካሳየሽኝ ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ» ብሏታል። ቤቱን ሠርታዋለች። ያቃታት ማዞሩ ነው። አባቷ አምና የገዙላት አሮጌ ዴስክቶፕ ሥዕሉን ጎተት፣ ጎተት ያደርግና ድርቅ ይላል። የሚያውቁ ሰዎች ግራፊክስ ካርድ የሚባል፣ የሥዕሉን ሸክም የሚያግዘው ዕቃ ከውስጡ ይሰካለት አሏት። ለአባቷ ደወለች። ቅዳሜ ጧት ከገጠር ደረሱና ኮምፒውተሩን እያዩ «በይ ደሴ ስንሄድ እሱንም እንያዘው» አሉ።

«አባ፣ የሚገዛው እኮ ካርዱ ብቻ ነው። ዓይነቱን በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ።»

«በወረቀት ያረሰ ማን አለ?»

የኮምፒውተሩን ሣጥን፣ ሲፒዩውን፣ በጋቢያቸው ጠቅልለው ሚኒባስ ውስጥ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መኪናው የሀረጎን ዳገት ሲወጣ በየኩርባው እቅፍ ያደርጉታል። ረዳቱ «አባባ፣ ምን ሆኖ ነው?» ቢላቸው፣ «ዓይኑ ደክሞ፣ ሐኪም ጋ ልወስደው ነው» አሉት ፍርጥም ብለው። ተሳፋሪው ሳቀ። ሱሀይላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አባቷን ትወዳቸዋለች፤ በዚያች ሰዓት ግን የሚያውቃት ሰው ባያያት ትመርጥ ነበር።

ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር የሚሸጠውና የሚጠግነው ቃለሕይወት፣ እሑድ እሑድ በቸርች ኦርጋን የሚመታ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነው። ሱሀይላ ሁለት ማራገቢያ ያለውን ትልቁን ካርድ ጠቆመችው።

«መጀመሪያ ጠምደህ አሳየን» አሉ አባቷ።

ቃለሕይወት ግር አለው። ሱሀይላ እያፈረች አስረዳችው። ፈገግ ብሎ ሲፒዩውን ከፈተ፣ ካርዱን ሰካ፣ አበራው። ማራገቢያው ዞረ፣ ዞረና ቀጥ አለ። ደግሞ አበራው። ደግሞ ቀጥ አለ።

«ካርዱ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ኃይል የሚያድለው የዚህ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ አሮጌ ነው፣ አልቻለውም» አለ። «በወረቀቱ ብትገዢ ኖሮ ኮምቦልቻ ገብተሽ ነበር የምታለቅሺው።»

ሱሀይላ ሰኞን አሰበችና ወረቀቷን ጨመደደችው። አባቷ ግን አልደነገጡም።

«ወይፈንና ሽማግሌ በሬ ነዋ። አብሽሪ፣ ጥፋቱ የማንም አይደል። በሬዬ ቦራ በክረምት ከጎረቤታችን ከኑርሁሴን ወይፈን ጋር ተቀናጅቶ አንገቱ ተልጦ የለም? ወላሂ አንጀቴን በላው። አቅሙን የሚመጥን ፈልግለት፣ ልጄ።»

ቃለሕይወት ሌላ ካርድ ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገባ። ሱሀይላ ወደ አባቷ ዞረች።

«ቦራ ከኑርሁሴን ወይፈን ጋር ለምን ተቀናጀ? የራሱ ጥማድ ዳለቻስ?»

ዘይኑልአቢዲን የጋቢያቸውን ጫፍ አጠፉ፤ መልሰው ዘረጉ። «ቆላ ለግጦሽ ወርዷል።»

«በክረምቱም ቆላ ነበር?»

አባቷ ወደ ተከፈተው ሲፒዩ ጎንበስ አሉ። አምና ኮምፒውተሩን ሲገዙላት «ማሽላው ሰጥቶናል» ነበር ያሏት። ለዓረፋ ቤት ስትሄድ ዳለቻን አላየችውም፤ አልጠየቀችም። የቤቱ እንጀራ ከዚያ ጥማድ እንደሚወጣ እያወቀች አለመጠየቋ አሁን አንገበገባት። እኒህ ሳይጠምዱ በሬ የማይገዙ ሰው፣ ለእሷ ኮምፒውተር ሲሉ የገዛ ጥማዳቸውን ፈትተው ኖሯል።

ሁለተኛው ካርድ ትንሽ ነው፤ ማራገቢያ እንኳ የለውም። ቃለሕይወት ሰክቶ አበራው። አልጠፋም። ሱሀይላ ሥዕሏን ከፈተች፤ ቤቱም ጣራውን፣ በረንዳውን፣ ጓሮውን እያሳየ በዝግታ ዞረ። አባቷ ከኋላው ያለውን ሊያዩ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

«አልሐምዱሊላህ። ይሄ ተስማማው» አሉ።

ኮምቦልቻ ሲመለሱ፣ አባቷ አሱር ሰግደው እስኪጨርሱ ሱሀይላ ከቤቱ ጓሮ አንድ ነገር ጨመረች። መሐንዲሱ ኋላ፣ ሰኞ፣ ሥራውን የሰጣት ይህንኑ ቤት ከነጭማሪው አይቶ ነው።

«ይቺስ ምንድን ናት?» አሉ አባቷ ከሶላታቸው ተነሥተው ስክሪኑን እያዩ።

«ጋጣ ናት።»

«ሁለት ማሰሪያ አላት።»

«አዎ። የቦራና የዳለቻ።»

ዘይኑልአቢዲን ስክሪኑ ላይ ሁለተኛዋን ማሰሪያ በጣታቸው ነኩ። «ዳለቻ አይመለስም፣ ልጄ።»

«አውቄአለሁ፣ አባ። ሥራ ስጀምር ሌላ እንገዛለን።»

«ጠምደን» አሉ።

«ጠምደን» አለች።