የአክስቴ መርዶና የሐሙሱ ዘፈን

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እናቴ እስራኤል ውስጥ፣ አሽቀሎን ከተማ ሚግዳል ሰፈር ባለው ቤቷ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። ስደርስ የፊቷ ቀኝ ጎን ወርዷል። ቀኝ እጇ አይነሳም። "እማዬ" አልኳት። አፏ ተንቀሳቀሰ። ቃል አልወጣም።

የሆስፒታሉ ሐኪም ሕመሙን ስትሮክ፣ የቃሉን መጥፋት አፌዢያ አሉት። "ትሰማለች፤ ብዙውንም ትረዳለች። ያቃታት ቃሉን ማውጣት ነው" አሉን። ብቻዋን መኖር ስለማትችል እዚያው አሽቀሎን አንድ ቤት አቮት፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ገባች።

በመጦሪያው ሐሙስ ሐሙስ የኅብረት ዘፈን አለ። የምትመራው ሪናት የምትባል የሙዚቃ ቴራፒስት ናት። ግጥሙ በዕብራይስጥ ተጽፎ ይታደላል። ከኢትዮጵያ የመጡት ሽማግሌዎች በአንድ ጥግ ይቀመጣሉ። ከእነሱ አንዱ፣ አባባ ፈረደ፣ ወረቀቱን እያገላበጡ በእናቴ ይቀልዱ ነበር፦ "እኔ ዓይን የለኝ፣ እሷ አፍ የላት፤ ደኅና ተገናኘን!" ሪናት ማይክሮፎኑን ለእናቴ አስጠግታ ትጠብቃለች። እናቴ ዝም።

የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ያልጋነሽ፣ ከግቫት ጺዮን ሰፈር በአውቶቡስ መጥታ ይህን አየች።

"ይቺን ልጅ ንገሯት እንጂ! እህቴ ተቀባይ ናት፤ መቼ አውጥታ ታውቃለች?"

እውነቷን ነው። ከጎንደር ጀምሮ በየሰርጉ ግጥሙን የምታወጣው አክስቴ ነበረች፤ እናቴ ከሌሎቹ ጋር ትቀበላለች። አክስቴ አወጣች። እናቴ ተቀበለች። "ውሃ" ማለት የማትችል ሴት ሙሉ ሐረግ ዘፈነች።

"አባባ፣ እርስዎስ? ለመቀበልም ዓይን ያስፈልጋል?" አለች አክስቴ።

የመጦሪያውን ሐኪም ጠየቅኩ። "የዘፈን ቃል በሌላ የአንጎል መንገድ ሊመጣ ይችላል። ድናለች ማለት ግን አይደለም" አሉኝ።

ከዚያ አክስቴ ሞተች። ልቧ ቆመ።

"ለታማሚ መርዶ አይነገርም" አለ ወንድሜ። ሁላችንም ተስማማን። ልማዳችን ነው። ሰባቱን የሐዘን ቀን በአክስቴ ቤት ተቀመጥን። እናቴን ለማየት ስንሄድ ለሐዘን የቀደድነውን ሸሚዝ እየለወጥን ነበር። "እህትሽ ናታንያ ከተማ፣ ልጇ ጋ ሄዳለች" አልናት።

ሐሙስ መጣ። እናቴ በሩን አየች። አልዘፈነችም። ቀጥሎ ማንኪያ ሲቀርብላት ከንፈሯን ገጠመች። ከሳች።

ሐኪሙ አዋዋጧን አስመረመሩ።

"መዋጥ ትችላለች። እምቢ ያለችው እሷ ናት። በዚህ ከቀጠለች በሆዷ በኩል የመመገቢያ ቱቦ፣ ፔግ፣ ስለማስገባት መወሰን ይኖርባችኋል። ምን ተለወጠ?"

ወንድሜ የአክስቴን ሞትና መደበቃችንን ነገራቸው። ሐኪሙ መልሰው ጠየቁ።

"እሷ አላወቀችም ብላችሁ ነው?"

አባባ ፈረደን አማከርን። "መርዶ ለብቻ አይነገርም። ጠዋት ይሁን፤ ሰው ይሰብሰብ" አሉ። ሪናት የዘፈኑን ክፍል በጠዋት ከፈተችልን። ሽማግሌዎቹ በየወንበራቸው ሆነው እናቴን ከበቧት። የነገሯት አባባ ናቸው።

"ብርቱካን፣ እህትሽ አርፋለች።"

እናቴ ጮኸች። በግራ እጇ ደረቷን መታች። ከዚያ አወጣች። "እህቴ" አለች፣ በሙሾ ዜማ። ቀጣዩን ቃል አጣች። ሽማግሌዎቹ ተቀበሏት። ደግማ አወጣች። ደግመው ተቀበሉ። ሪናት ጊታሯን ከጉልበቷ አውርዳ አዳመጠች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወንድሜ የያዘላትን እርጎ ጥቂት ቀመሰች፤ በቀጣዮቹ ሳምንታትም መጀመሪያ የተፈጨ፣ ቆይቶ ለስለስ ያለ ምግብ መብላት ጀመረች፣ የቱቦውም ነገር ቀረ። ዛሬ "እህቴ"፣ "ውሃ"፣ "በቃኝ" እና ሌሎች ጥቂት ቃላት አሏት፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሌላ ሰው ሲያወጣላት፣ ድምጿ ቢቀጥንም፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትቀበላለች። ቀኝ እጇ አልተመለሰም። ሐኪሙም እንደሚመለስ ቃል አልገቡልንም።

ሪናትን፣ "ምን ተለወጠ?" ብለው የጠየቁትን ሐኪም፣ አባባ ፈረደንም አመሰግናለሁ። ይህ የደረሰባችሁ ቤተሰቦች፣ ሕመምተኛችሁ በጤናው ጊዜ አውጪ ይሁን ተቀባይ ለሠራተኞቹ ንገሩ። ዘፈን የሐኪምን ሥራ አይተካም፤ ፊት ከወረደና ቃል ከጠፋ ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ። መብላት ሲያቆም የመዋጥ ምርመራ ይደረግለት። ከሐዘን አትለዩት።

ባለፈው ወር አባባ ፈረደ ሞቱ። እናቴን በማግስቱ ጠዋት፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ ነገርናት። አለቀሰች። ምሳዋን በላች።