የእድራችን መኪና የዓመት ቀለብ

በአምቦ በሰፈራችን እድር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ድምፄ የሚሰማው ስሜ ሲጠራ «አለሁ» ስል ብቻ ነበር። ስለ ዝምታዬ ምክንያት እዚህ አልጽፍም፤ ዘመኑ ብዙውን ሰው በጥቂት ቃል መኖር ያስተማረ ዘመን ነበር ማለት ይበቃል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ኮሌጅ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር በመኖሬ ሰፈርተኛው በአፋን ኦሮሞ «ባርሲሳ» እያለ፣ መምህር ማለቱ ነው፣ ይጠራኛል። መምህር ተብዬ እየተጠራሁ በስብሰባ ላይ አንድም ነገር አለማስተማሬ የሚገርመው ሰው ሳይኖር አልቀረም፤ የጠየቀኝ ግን የለም።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ጎረቤታችን ሞት ነው። ሐሮ ወንጪ ያሉ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው ታመመች። ባለቤቴ ከሴትዮዋ ልጆች ጋር መኪና ተከራይታ ልታመጣት ሄደች፤ ሲደርሱ ግን ነፍሷ አልፋ ነበር። ሹፌሩ የሚጭነው ታማሚ ሳይሆን አስከሬን መሆኑን ሲያውቅ የተስማማበትን ዋጋ አፍርሶ እጥፉን ጠየቀ። ልጆቹ እናታቸውን በጋቢ ጠቅልለው መንገድ ዳር አስተኝተው ተከራከሩ። ባለቤቴ ይህን አይታ ተመለሰች፤ እራትም አልቀመሰችም። በማግስቱ፣ «እድሩ የራሱ መኪና እስኪኖረው እኔ አልሞትም» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እርሷ አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት ዞረች። የፕሮቴስታንቱንም የኦርቶዶክሱንም ደጅ እኩል አንኳኳች፤ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች። አንዱ ጊደር ሸጦ ሰጠ፤ አስተማሪዎቹና የጤና ባለሙያዎቹ ከደመወዛቸው አዋጡ። ዓመት ሳይሞላ አንድ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ገንዘብ ተጠራቀመ። እርሷም ጊንጪ ላይ አንድ ነጭ ረጅም ሚኒባስ አይታ ልቧ ተሰቅሎ ቀረ።

ልቡ ያላረፈው ሰው እኔ ነበርሁ። እድራችን እስከዚያ ቀን ድረስ የገዛቸው ነገሮች ሁሉ፣ ድንኳኑም፣ አግዳሚዎቹም፣ ብረት ድስቶቹም፣ አንድ ጊዜ ተገዝተው መጋዘን የገቡ ናቸው። ለቅሶ ሲሆን ይወጣሉ፤ ሠልስቱ ሲያልፍ ይመለሳሉ። ሰፈርተኛው መኪናዋንም በዚያው ዓይን ያያት ነበር። እኔ ደግሞ በአስተማሪነቴ ዘመን አንዲት አሮጌ መኪና ገዝቼ ስለነበር ከመግዣው በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ስገዛት ባልደረቦቼ «አስመርቅ» ብለው አስጋበዙኝ፤ ዓመት ሳይሞላ የጎማዋንና የመድኗን መክፈል አቅቶኝ ክረምቱን በሙሉ ግቢ ውስጥ አቆምኋት። ጠዋት ጠዋት በአጠገቧ እያለፍሁ በእግሬ ወደ ሥራ እሄድ ነበር።

ለሚስቴ ይህን ሁሉ አስረዳኋት። የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣

«ለእኔ ለብቻዬ የምትነግረኝ ለምንድን ነው?» አለች።

«ቀድመሽ እንድታውቂው ብዬ ነዋ።»

«ለእኔ ከነገርከኝ የባልና የሚስት ወሬ ሆኖ ይቀራል። እሑድ ተነሥተህ ለእነሱ ንገራቸው።»

«ሰዉ ደንግጦ ቢተወውስ? የደከምሽበት ነገር እኮ ነው።»

«ይተወው! ሣር የሚበቅልባት መኪና ግቢ ውስጥ ገትሬ መሳቂያ ከምሆን ሳትገዛ ብትቀር ይሻለኛል። አንተም ባርሲሳ፣ ሁልጊዜ ‹አለሁ› ከምትል አንድ ቀን መኖርህን አሳየን።»

እሑድ ሊቀመንበራችን፣ እህል ነጋዴው፣ ስለ ሚኒባሷ ድምፅ ሊያሰጥ ሲል እጄን አወጣሁ። ከኋላ አንዱ፣ «ባርሲሳ እጅ አወጡ! ዛሬስ በበጋ መዝነቡ ነው!» አለ፤ ስብሰባው በሳቅ ተሞላ። ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ።

«መኪናዋን እንግዛ» አልሁ። «ነገር ግን ከተገዛች በኋላ በዓመት ምን ትበላለች?»

«ድንኳናችን ምን ትበላለች ባርሲሳ?» አለ ሊቀመንበሩ። «ስንፈልጋት እናወጣታለን፤ ስንጨርስ እናስገባታለን።»

የክፍል ድምፄ በዚያ ቅጽበት ተመለሰልኝ። መኪና ስትሄድ የምትበላው ቀለብ እንዳላት ነገርኋቸው፤ ነዳጁ፣ ዘይቱ፣ ጎማው፣ የፍሬን ሸራው። ይህንን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ቆማም ትበላለች። አንድ ኪሎ ሜትር ባትሄድም የሦስተኛ ወገን መድኗ ይከፈላል፤ በየዓመቱ ትመረመራለች፤ ቦሎዋ ይታደሳል፤ ዘበኛዋ ደመወዝ ይቀበላል። ከሁለቱም የሚከፋው ደግሞ የማይታየው ነው፤ ዛሬ ደህና የሆነው ሞተር እያረጀ ነው፤ የሚበላሽበትን ቀን ባናውቅም ገንዘቡን ከዛሬ ጀምረን በየወሩ ማስቀመጥ አለብን። «የመግዣው ዋጋ» ብዬ ጨረስሁ፣ «አንድ ጊዜ ይከፈላል። ቀለቧ ግን እስከምንሸጣት ድረስ አይቆምም።»

ማንም አልሳቀም። አንድ ድምፅ፣ «እንግዲያው ትቅራ!» አለ፤ ሌሎችም አጉረመረሙ። ወደ ሴቶቹ ወገን ተመለከትሁ። ባለቤቴ አንገቷን አልደፋችም፤ ነገር ግን የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ ጠቅልላ ይዛ ነበር። የአንድ ዓመት ድካሟን በአንድ ንግግር ያፈረስሁባት መሰለኝ።

በዚህ መካከል የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ተነሣ። ቅጣት ሳይከራከር ከፍሎ የማያውቅ፣ በእድሩ ውስጥ ኪሱን ማስከፈት እንደ ጥርስ ማስነቀል የሚቆጥር ሰው ነው።

«ባርሲሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከመካከላችን ማንም ባልሞተበት፣ ማንም ባልታመመበት ዓመትም እንከፍላለን?»

«እንከፍላለን።»

«ሙሉውን?»

«የነዳጁ ሲቀር ከሞላ ጎደል ሙሉውን።»

ወደ ሰዉ ዞረ። «እንግዲህ እኔ ያለ ጭቅጭቅ የምከፍለው ሁላችንም በደህና የከረምንበትን የዚያን ዓመቱን ነው። የሌላውን ግን እከራከራለሁ!»

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን ሌላ ዓይነት ሳቅ ነበር። አንድ የቢሮ ሠራተኛ፣ «ለሰርግ እናከራያትና ቀለቧን ራሷ ታምጣ!» ብሎ ጨመረ። ብዙዎች በመስማማት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ባለቤቴ ተነሣች።

«ሙሽራ ይዛ ጉደር ሄዳ ሳለች እዚህ ምጥ የያዛት ሴት ብትጠራትስ? ‹ቆዪ፣ ሰርግ ላይ ናት› እንበላት? እኔ ያን ሹፌር አይቼዋለሁ። እኛ እሱን እንድንሆን አይደለም በየደጃችሁ የዞርሁት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነጯን ሚኒባስ ተዉአት። አነስ ያለች፣ ሞተሯ ደህና የሆነች እንፈልግ፤ የተረፈው ገንዘብ የመጀመሪያው ዓመት ቀለቧ ይሁን። የወር መዋጮውም ይጨመር። ከእኛ ቤት ይጀመር።»

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ዱጋ ኬሰን፣ እውነትዎን ነው» አሉ፤ እጃቸውንም ከሁሉ በፊት አወጡ። ከዚያ በኋላ የወጣውን እጅ ሊቀመንበሩ መቁጠር ጀምሮ ተወው።

ባሏ ነኝና ሳላጋንን ልጻፈው፦ በዕድሜዬ ብዙ የተማሩ ሰዎች ስለሚወዱት ነገር ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ የሚወደውን ነገር እውነተኛ ዋጋ በአደባባይ አስነግሮ፣ የማይቻለውን ክፍል በገዛ እጁ ቆርጦ ጥሎ፣ የሚቻለውን ያቆመ ሰው ግን ያን ቀን አየሁ። ወደ ቤት ስንሄድ ይህን ልነግራት ወደ እርሷ ቀረብሁ። እርሷ ግን፣ «አስተማሪ ስትሆን ለካ ታምራለህ» አለችኝና ቀድማኝ ሄደች።

የገዛናት መኪና ቀለሟ የደበዘዘ፣ አንደኛው በሯ ከውጭ ብቻ የሚከፈት ናት። በመጀመሪያው ዓመት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት ቆማለች፤ ነዳጅ በጠፋባቸው ሳምንታት ተሰልፋለች፤ ባትሪዋም ተቀይሯል። ሁሉም ከተቀመጠው ተከፈለ፤ ለተጨማሪ ገንዘብ የማንም ደጅ አልተንኳኳም።

የዓመታዊ ምርመራዋ ቀን መኪናችንን ለሚነዳው ሹፌርና ለባለቤቴ ብቻ የተነገረ ነበር። እኛ ስንደርስ ግን ከእድሩ ብዙ ሰው ቀድሞን መጥቶ በምርመራው ግቢ በር ላይ ቆሟል፤ ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ፣ ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው። ወጣቱ መርማሪ ሊብሬውን እያገላበጠ፣ «ባለንብረቱ ማን ነው?» ሲል ባለቤቴ ወደ በሩ አመለከተች።

«እነዚያ የቆሙት በሙሉ።»

መርማሪው ቀና ብሎ አያቸው። «እነዚህን ሁሉ የምትጭን ከሆነማ እማማ፣ ፍሬኗን ደግሜ ልየው» አለ።

ደግሞ አየው። ደህና ነበር። ባለቤቴ አዲሱን ቦሎ በገዛ እጇ መስታወቱ ላይ ለጠፈች፤ በሩ ላይ የቆመውም ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ።