የሐምሌ ገብርኤል ሰም

ጋሽ ሣህሌን ማንኪራ መንደር ውስጥ የማያውቃቸው ሰው አልነበረም፤ በምን እንደሞቱ የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷም ልጃቸው በዛወርቅ ናት። ቦንጋ፣ መዝገብ ቤት ትሠራለች። የአገሩን ሰው ፋይል ከነቁጥሩ ታውቀዋለች፤ የአባቷን ጉዳይ ግን የምታስገባበት ፋይል አጥታ ይዛው ትኖራለች።

ሰውየው ምን ነበራቸው? ጫካ ውስጥ ጥቂት ቡና፣ ጓሮ እንሰት፣ ጌተም ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ሰባት ቀፎዎች። ሀብታም አይባሉም፣ ድሃም አይባሉም። ቁጣቸው በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ፣ ጸሎታቸው በአማርኛ ነበር። ሲቆጡ ጎረቤት ይሰማል፤ ሲጸልዩ ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አንድ ቀን ብቻ ጮክ ብለው ጸለዩ፤ ያቺው ቀን ናት ዕድሜያቸውን ሙሉ የበላቻቸው።

ልጃቸው ኢያሱ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ኩፍኝ ያዘው። ክረምት ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ ቦንጋ ድረስ በቃሬዛ የሚያደርሰው ሰው ጠፋ። እናቱ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም። ልጁ ዓይኑን ሲገለብጥ ጋሽ ሣህሌ ታቅፈውት ደጅ ወጡና ዝናቡ ውስጥ ቆመው፣ «ገብርኤል ሆይ፣ ይሄን ልጅ ተውልኝ! በሕይወት እስካለሁ በየዓመቱ ለሐምሌ በዓልህ ከገዛ ቀፎዬ ሰም አመጣልሃለሁ። ካስቀረሁብህ ልጁ ያንተ ነው፣ ውሰደው!» አሉ። የዘጠኝ ዓመቷ በዛወርቅ ኋላቸው ቆማ ሰማች።

ልጁ ዳነ። እሰይ ነው! ግን ምን ነበር ሰሙን ብቻ ተስለው ቢተዉት? ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ማን ጠየቃቸው? ሰው ሲጨንቀው የሚያስይዘውን አያውቅም። «ለሱ እንዳትነግሪው፤ ልጅ በፍርሃት አይደግ» አሏት። በዛወርቅም አፏን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ አምስት ዓመት አንድም ሐምሌ አልጎደለም። ማሩ በሰኔ ይወርዳል። ጋሽ ሣህሌ ሰፈፉን በሙቅ ውኃ አቅልጠው፣ በጨርቅ አጥልለው፣ የረጋውን ሰም በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ለጧፍ ይወስዱታል። ከየትም ሲመለሱ መጀመሪያ የሚሉት «ኢያሱ የት አለ?» ነው። ልጁ አርባ ሊሞላው ሲል እንኳ!

ኢያሱ አድጎ ጴንጤ ሆነ። ሰፈርተኛው «ታሞ የተነሳ እግዜርን ረሳ» እያለ አላገጠበት። ሐሰት ነው፤ እንደሱ የሚጸልይ አልነበረም፣ አባቱንም ጥሎ አልሄደም። ዛፍ መውጣት ሲያቅታቸው ቀፎውን የሚያወርድላቸው እሱ ነበር። ሰሙን ግን አይነካም። «ማሩ የኔ ሥራ፣ ሰሙ የሳቸው» ይላል። በዚሁ ተቻችለው ኖሩ።

አምና ግንቦት ላይ የጋሽ ሣህሌ ግራ ጎን ሽባ ሆነና አልጋ ላይ ቀሩ። በዛወርቅ ፈቃድ ጠይቃ፣ በሐምሌ አሥራ ሰባት፣ ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መንገዱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ ጭቃውን በእግሯ እያቦካች ደረሰች። ገና ደጅ ላይ «ሰሙስ?» አለችው ወንድሟን።

«ማሩን ከነሰፈፉ ለመንገደኛ ነጋዴ ሰጠሁት» አለ ኢያሱ፣ መሬት መሬት እያየ። «ምን ላድርግ እትዬ? እስከ ዛሬ የሚሠሩት አባዬ ነበሩ። አሁን በኔ እጅ ይሠራ? ለመልአክ የሚበራ ሰም አቅልጬ እሁድ በምን አፌ ልዘምር?»

ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የአባቷ ቃል ያዛት። «አንተ ልጅ፣ ምን እንዳደረግክ አታውቅም» ብላ ብቻ ዞር አለች።

በነጋታው ቦንጋ ተመልሳ ገበያውን ብታስስ፣ ጀማሉዲን የሚባል ሰም ነጋዴ «የአባትሽን አያህልም እንጂ ንጹህ ሰም ነው» ብሎ ጭብጦ የሚያህል ሰጣት። እንደ ልማዱ በኮባ ጠቀለለችው። ማምሻውን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ «አባዬ፣ ሰሙ ይኸው» አለቻቸው።

በደህናው እጃቸው ተቀብለው አሸተቱት። አይ በዛወርቅ! ዕድሜውን ከንብ ጋር የኖረ ሰው እንዲህ ይታለላል እንዴ?

«ይሄ የብሳና አበባ ነው» አሉ፣ ቃሉ እየተጎተተባቸው። «የጌተም አይደለም። የኔ ቀፎ አይደለም።» ቆጣ ይላሉ ብላ ስትጠብቅ ዓይናቸው በፍርሃት ፈጠጠ። «ኢያሱ የት አለ? ደህና ነው? ራሱን አላመመውም?»

«ደህና ነው አባዬ።»

«እሱ እኮ አያውቅም። ቃሉን የተናገርኩት እኔ ነኝ።» አሁን የሚናገሩት ለሷ አልነበረም። «በሱ ፈንታ እኔን ውሰድ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህልም ውኃም አሻፈረኝ አሉ። በማግስቱ፣ በበዓሉ ቀን፣ ከንጋት ጀምሮ ኢያሱን አጠገባቸው አስቀመጡት። እጁን ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሲያዩት ዋሉ፤ ለመውጣት በተነሳ ቁጥር ጥብቅ ያደርጉታል። በዛወርቅ የብሳናውን ሰም ቤተ ክርስቲያን አድርሳ በዝናብ ተመለሰች። ምን ዋጋ አለው? ከሰዓት በኋላ የጋሽ ሣህሌ እጅ ላላ።

ከቀብር ሲመለሱ ኢያሱ እህቱን ከሰው ለየት አደረጋት። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ የሚመስል ነገር ነበር። አንጀቷን የቆረጠው እሱ ነው።

«እትዬ፣ ቀኑን ሙሉ እጄን ይዘው እንዴት እንዳዩኝ አየሽ አይደል? በመጨረሻ ጌታን ተቀብለው ነው። ያን ሰም ማስቀረቴ ነው ነፃ ያወጣቸው። አይደል?»

በዛወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«እንጃ ወንድሜ» አለችው። «እኔ ምን አውቄ።»