የአክስቴ መጋጠሚያ

ደብረ ማርቆስ፣ የውበት ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ሲሸተኝ አክስቴ ትዝ አሉኝ። በጦርነት ዘመን ከግንባር የሚመጣ ፊልም እየቆረጡ የሚያጣብቁ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጣታቸው ከፊልም ማጣበቂያው የተነሳ እንዲሁ አሴቶን ይሸት ነበር።

ልጅ ሳለሁ እሳቸው ያጣበቁት አንድ የጦርነት ፊልም ከተማችን መጥቶ አብረን አየነው። መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ ስም ወጣ፤ ሁሉም ወንዶች።

«እትዬ፣ የእርስዎ ስምሳ?» አልኩ ተናድጄ።

«ወታደሮቹ ወንዙን ሲሻገሩ ያየሽው ተበጣጥሶ ነው የደረሰኝ። የቱ ጋ እንደቀጠልኩት አየሽ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያስ!» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እናቴ የተበጠሰ ፈትል ስትቀጥል ቋጠሮው ከታየባት ታፍር ነበር። እኔ አላፍርም።»

ጥፍሬ እስኪደርቅ ፊልሙን በስልኬ ከፈትኩት። ስማቸው ዛሬም የለም። ወንዙን ሦስቴ መልሼ አየሁት፤ መጋጠሚያውን ግን አሁንም አላገኘሁትም።